ከአሜሪካ የመጣ ስቴሪዮ ሪሲቨርና ሸክላ ማጫወቻ፣ ከባለ ዲን ካሴት ዴክ ጋር በ220 ቮልት ቤት እንዴት ይገናኛል?

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከታች ያሉትን ዕቃዎች አንድ ላይ ማሠራት እፈልጋለሁ። የትኛው ከየት ጋር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገናኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

— ስቴሪዮ ሪሲቨር፣ የ1970ዎቹ የጃፓን ሥራ፣ ከሜሪላንድ የመጣ። ከኋላው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 210 ዋት የሚል ተጽፎበታል። የቮልት መምረጫ የለውም።
— ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ ሸክላ ማጫወቻ፣ አብሮት የመጣ፣ እሱም 120 ቮልት።
— ግሩንዲግ ካሴት ዴክ፣ 220 ቮልት፣ እዚሁ የነበረ። ለድምፅ ያለው ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ብቻ ነው።
— ሲዲ ማጫወቻ።
— ሁለት ጥንድ ስፒከር፤ አንዱ ጥንድ 8 ኦም፣ ሌላው 4 ኦም።

ከአሜሪካ የመጡት እስካሁን ኮረንቲ አልነካቸውም። ሸክላዎቹ በብዛት የአምሃና የካይፋ ባለ 45 ዙር ናቸው፤ ጥቂት ትልልቅ ባለ 33ም አሉ።

አሮጌ_ካውያ ጻፈ፦

እሰይ፣ ሳትሰካ መጠየቅህ። ከድምፅ ገመዱ በፊት የኮረንቲው ነገር ይቅደም። 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ሪሲቨር 220 ላይ ሲሰካ ፊውዙ ቢበጠስም፣ ከመበጠሱ በፊት ትራንስፎርመሩና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሊጎዱ ይችላሉ። የዚህ ዓይነት ሪሲቨር ትራንስፎርመር ደግሞ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

የሚያስፈልግህ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ፣ የብረት ልብና የመዳብ ጥምጥም ያለው እውነተኛ ትራንስፎርመር ነው። በእጅ ሲያነሱት ይከብዳል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠውን፣ መዳፍ የማይሞላ ቀላል ማውረጃ እንዳትገዛ፤ እሱ ሞገዱን እየቆረጠ ነው የሚያወርደው፣ አምፕሊፋየር ላይ ጩኸትና ሙቀት ያመጣል።

መጠኑን እንዲህ አስላ። ሪሲቨሩ 210፣ ማጫወቻው ወደ 10፣ ድምር 220 ዋት። እጥፉን ያዝና 500 ቪኤ (ቮልት-አምፔር፣ የማውረጃ አቅም መለኪያ) ግዛ። ከኋላ የተጻፈው ዋት ሁልጊዜ ከፍተኛው አይደለም፤ ድምፁ ከፍ ሲል ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል ነው እጥፍ የምልህ።

ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የብረቱ ልብ 20 በመቶ የበለጠ መግነጢስ ይሸከማል፣ ስለዚህም ይሞቃል። ቮልቱን ከ120 ወደ 110 ስታወርደው ግን ትርፍ ጭነቱ ከ20 ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ማውረጃው 110ም 120ም የሚሉ መውጫዎች ካሉት 110ን ምረጥ። ከመሰካትህ በፊት በቴስተር ለካው፤ መስመሩ 220 ሲሆን 110 አካባቢ ማሳየት አለበት።

ዴክህን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ወደ ማውረጃው አታስጠጋው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ያሉት ትርፍ ሶኬቶችም የሚሰጡት 110 መሆኑን አትርሳ። ማጫወቻውን እዚያ መሰካት ይቻላል፣ ሌላውን ግን አይሆንም።

ሸክላ_ከሲልቨርስፕሪንግ ጻፈ፦

ኸርዙ ለሸክላ ማጫወቻው ከሪሲቨሩም በላይ ወሳኝ ነው። ፒኤል-12ዲ ባለ ቀበቶ ሲሆን ሞተሩ ሲንክሮነስ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ኸርዙ እንጂ ቮልቱ አይደለም። ለ60 የተሠራው 50 ላይ ሲሰካ 33⅓ የነበረው 27.8፣ 45 የነበረው 37.5 ዙር ይሆናል። ዜማው ከሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) በላይ ይወርዳል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ይህን አያስተካክልም።

መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለችውን የቀበቶ መዘውር መቀየር ነው። ይህ ሞዴል አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ እንግሊዝ አገር በብዛት ስለተሸጠ የ50 ኸርዝ መዘውሩ ከተበተኑ ማጫወቻዎች ላይ ይገኛል። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት በነሐስ ማሠራት ነው፤ ስሌቱን ከፈለጋችሁ እጽፈዋለሁ። ሦስተኛው መንገድ 60 ኸርዝ ንጹሕ ሳይን የሚያወጣ ትንሽ ኢንቨርተር ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ ትልቅ አያስፈልግም፣ ነገር ግን ካሬ ሞገድ የሚያወጣው ርካሹ ሞተሩን ያንዘረዝረዋል፣ ንዝረቱም በመርፌው በኩል ይሰማል።

ገና ሊገዙ ላሰቡም ይጠቅማል፦ እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ያሉ ቀጥታ አዟሪዎች ፍጥነታቸውን በራሳቸው ኳርትዝ ስለሚቆጣጠሩ 50ም ሆነ 60 አያሳስባቸውም። ቮልቱን ማስተካከል ይበቃል።

ፌዝ_ኒውትራል ጻፈ፦

ለዓመታት ያልበራ ሪሲቨር በቀጥታ አይሰካም። በቅድሚያ ከአምፖል ጋር በተከታታይ ይብራ።

ባለ ክር አምፖል፣ 220 ቮልት 100 ዋት፣ አንድ ሆልደርና አንድ ሶኬት። ፌዙን ቆርጠህ አምፖሉን መሐል አስገባ፤ ኒውትራሉ ሳይቆረጥ ይለፍ። ኤልኢዲ ወይም ኢኮኖሚ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ የሚያስፈልገን ሲግል መቋቋሙ የሚጨምር የተንግስተን ክር ነው። አምፖሉ የሚቀመጠው ከማውረጃው በፊት፣ በ220ው በኩል ነው። ማውረጃውን ብቻውን አስቀድመህ ሞክር፤ አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ ብሎ ሊጠፋ ይገባል።

ከዚያ ሪሲቨሩን ጨምር። ስፒከርም ሆነ ሌላ ገመድ አይኑርበት፣ የድምፅ መክፈቻው ዜሮ ላይ ይሁን። አምፖሉ በደንብ ቦግ ብሎ በጥቂት ሰከንድ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። እንደ ደመቀ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀል። በብዛት የተቃጠለ የውጤት ትራንዚስተር ወይም ሬክቲፋየር ነው። በአምፖል ላይ እያለ የመከላከያው ሪሌ ቀጭ ካላለ አትደንግጥ፣ ቮልቱ አንሶት ነው።

ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጥተህ በሙሉ ቮልት አብራው፣ አሁንም ያለ ስፒከር። ሪሌ ያለው ከሆነ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀጭ ይላል። ቴስተርህን በዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገህ የስፒከር መውጫዎቹን፣ ቀይና ጥቁሩን፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከር ማገናኘት ትችላለህ። ከ100 በላይ ከሆነ ባለሙያ ይየው። በቮልት የሚቆጠር ከሆነ ግን ያ ስፒከር የሚያቃጥል ዲሲ ነው።

መብራት ሲሄድ ሪሲቨሩን ከማከፋፈያው ንቀለው። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ መጀመሪያ ላይ ይዘላል፤ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካ።

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

በጣም አመሰግናለሁ። 500 ቪኤ ማውረጃ ገብቷል፣ የአምፖሉም ሙከራ ደህና ነው። ዲሲው በግራ 18፣ በቀኝ 22 ሚሊቮልት ነው። ወደ ድምፅ ገመዱ እንሂድ? ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ፎኖ፣ ኦክስ፣ ቴፕ 1 ፕሌይ እና ሬክ፣ ቴፕ 2 ፕሌይ እና ሬክ፣ ፕሪ አውት፣ ሜይን ኢን የሚሉ አሉ። ለሸክላው ፕሪአምፕ ልግዛ?

አሮጌ_ካውያ ጻፈ፦

ፕሪአምፕ አያስፈልግህም፤ ፎኖ የሚለው መግቢያ ራሱ ፕሪአምፕ አለው። ማግኔት ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘው ክፍል) የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ነው። የፎኖው ክፍል መካከለኛውን ድምፅ 100 እጥፍ ያህል እያጎላ ይህንን ሚዛን ይመልሰዋል። ሸክላውን ኦክስ ላይ ብትሰካው ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፣ ቤዝም የለውም። ሲዲውን ፎኖ ላይ ብትሰካው ደግሞ 2 ቮልት ሚሊቮልት ለሚጠብቅ መግቢያ ሰጠህ ማለት ነው፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ስፒከሩም ሊጎዳ ይችላል።

ሪሲቨሩን አጥፋና እንዲህ ቀጥል፦

ከማጫወቻው የሚወጡትን ሁለት አርሲኤ (መሐሉ ላይ አንድ ሚስማር ያለው ክብ ጃክ) ፎኖ ላይ ሰካ። ቀዩ ቀኝ ነው፤ ነጩ፣ በአሮጌ ገመድ ጥቁሩ ወይም ግራጫው፣ ግራ ነው። ጫፏ ሹካ የሆነችው ቀጭን ሽቦ ግራውንድ በሚለው ብሎን ሥር ትጥበቅ። እሷን መርሳት ነው ኡኡ የሚል የ50 ኸርዝ ጩኸት የሚያመጣው። የፎኖ ገመድ አይቀጠል፣ አይረዝምም። አንድ ሜትር ገመድ 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ ስላለው ሲረዝም የካርትሪጁን የላይኛ ድምፅ ይቀይራል።

ሲዲው ኦክስ ላይ ይሁን። የዚያ ዘመን ኦክስ በ150 ሚሊቮልት ገደማ ሙሉ ኃይል ስለሚሰጥ መክፈቻውን ገና ስትነካው ይጮኻል፣ ለማስተካከልም ይቸግራል። በእያንዳንዱ ቻናል የመሐል ሽቦ ላይ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከሪሲቨሩ በኩል ካለው ጫፉ ወደ ግራውንድ ደግሞ 3.3 ኪሎ ኦም አድርግ። 2 ቮልቱ ወደ ግማሽ ቮልት ይወርዳል፣ መክፈቻውም በሰፊው ይሠራል። ሬዚስተሮቹ አርሲኤው ጃክ ሆድ ውስጥ ይገባሉ።

ፕሪ አውት እና ሜይን ኢን በአጭር የብረት ድልድይ መያያዛቸውን እይ። ድልድዮቹ ከጠፉ ምንም ድምፅ አይወጣም። በ15 ሳንቲ ሜትር አርሲኤ ገመድ መተካት ይቻላል።

ናስትሮ ጻፈ፦

የግሩንዲጉን ዴክ ለእኔ ተዉልኝ፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ የሚያገናኘው እሱን ነው።

ባለ አምስት ቀዳዳው ሶኬት ዲን ይባላል። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከንና ሌሎች አውሮፓውያን የተጠቀሙበት ነው። አንዱ ሶኬት መቅጃውንም ማጫወቻውንም ይዟል። በቅስቱ ላይ ቁጥሮቹ በተርታ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ሆነው ተቀምጠዋል፤ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አይደሉም። ከዴኩ አንጻር፦

1 — የግራ መቅጃ መግቢያ
4 — የቀኝ መቅጃ መግቢያ
2 — ግራውንድ፣ ለሁሉም የጋራ
3 — የግራ ማጫወቻ መውጫ
5 — የቀኝ ማጫወቻ መውጫ

በካውያ ስትሠራው ከፊት ያየኸው ከኋላ እንደሚገለበጥ አስብ። ቁጥሮቹ ፕላስቲኩ ላይ በደቃቁ ታትመዋል፤ አጉሊ መነጽር ይዘህ በነሱ ተመራ።

ለመስማት ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፦ 3 ወደ ቴፕ 1 ፕሌይ ግራ፣ 5 ወደ ቀኙ፣ የሁለቱ ጃክ ውጫዊ ብረት ወደ 2። መውጫው ግማሽ ቮልት አካባቢ ስለሆነ ከሪሲቨሩ ጋር ይስማማል።

ለመቅዳት ግን እንደዚያ አይሆንም። የዲን መቅጃ መግቢያ ጥቂት ሚሊቮልት ነው የሚጠብቀው፣ የሪሲቨርህ ሬክ መውጫ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ይሰጣል። በቀጥታ ካገናኘኸው የመቅጃ ደረጃ ማስተካከያው ዜሮ አጠገብ ሆኖ እንኳ የደረጃ ማሳያው መርፌ ቀዩ ውስጥ ይገባል፣ ቀረጻውም የተሰነጠቀ ይሆናል። ከሬክ ግራ ወደ 1 በሚሄደው ሽቦ መሐል 470 ኪሎ ኦም፣ ከሬክ ቀኝ ወደ 4 በሚሄደውም እንዲሁ አስገባ። ሬዚስተሩ የሚቀመጠው ዲኑ ጫፍ ላይ ሳይሆን አርሲኤው ጃክ ውስጥ ነው ቢባልም እኔ ዲኑ ጫፍ ላይ እመርጣለሁ፤ ከሬዚስተሩ በኋላ ያለው ሽቦ ባጠረ ቁጥር የሚይዘው ጩኸት ያንሳል፣ ገመዱም ከፍ ያለውን ድምፅ አይበላውም።

የተሠሩ የዲን ወደ አርሲኤ ገመዶች ሲሸጡ አብዛኞቹ ሬዚስተር የላቸውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት አርሲኤ ብቻ አላቸው፤ ለመስማት ናቸው፣ አይቀዱም።

ሸክላ_ከሲልቨርስፕሪንግ ጻፈ፦

ናስትሮ ያለው ልክ ነው። በተቃራኒው ያለው ሰውም ይጠንቀቅ፦ ሪሲቨሩ ዲን፣ ዴኩ አርሲኤ ሲሆን የዲኑ መቅጃ መውጫ እጅግ ደካማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ኦም ጭነት 1 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ይሰጣል። 47 ኪሎ ኦም ለሆነ የዴክ መግቢያ ከ50 ሚሊቮልት በታች ማለት ነው። እዚያ ሬዚስተር ሳይሆን ማጉያ ነው የሚያስፈልገው።

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

ዲኑን በቁጥሩ መሠረት በስታኞ አያያዝኩት፣ ድልድዮቹም በቦታቸው አሉ። አሁን ግን ምንም ድምፅ የለም። ኤፍኤም ላይ የጣቢያ ማሳያው መርፌ 102.1 ላይ ይነሳል፣ ሸክላም ይዞራል፤ ሁለቱም ዝም ናቸው። ሪሌው ቀጭ ብሏል። ስፒከሮቹ ኤ ላይ ናቸው።

ናስትሮ ጻፈ፦

ከፊት ለፊት ቴፕ ሞኒተር የሚል ቁልፍ አለ። ተጭኖ ከሆነ ልቀቀው።

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

ተጭኖ ነበር! ሁሉም ይሰማል። ለምን ግን እንዲህ ይሆናል?

ናስትሮ ጻፈ፦

ድምፁ በመንገዱ ላይ አንድ መታጠፊያ ስላለው ነው። ሬዲዮ ወይም ሸክላ ስትመርጥ ምልክቱ መጀመሪያ በሬክ በኩል ወደ ዴኩ ይወጣል። ሞኒተሩ ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ ድምፅ መክፈቻው ያልፋል፤ ሲጫን ግን ሪሲቨሩ የሚሰማው በፕሌይ በኩል ከዴኩ ተመልሶ የመጣውን ብቻ ነው። ዴኩ ከጠፋ ዝምታ ይሆናል። በባለ ሦስት ራስ ዴክ እየቀዱ የተቀዳውን ወዲያው ለማዳመጥ የተሠራ ነው። ካሴት ስትሰማ ቴፕ 1ን ተጫን፣ ስትጨርስ ልቀቅ።

ኢኳላይዘር ያላችሁ ቴፕ 2 ላይ አስገቡት፦ ሬክ ወደ መግቢያው፣ መውጫው ወደ ፕሌይ፣ ቁልፉም እንደተጫነ ይቆይ። ካሴት ሲጫወትም በኢኳላይዘሩ በኩል ያልፋል፤ ቀረጻው ግን በብዙ ሪሲቨሮች ሳይነካ ይቀራል።

አሮጌ_ካውያ ጻፈ፦

ስፒከሩን በተመለከተ ቁጥሮቹን አስላ። ኤ እና ቢን አብረህ ስትከፍት በአብዛኛው ሪሲቨር ሁለቱ ጥንዶች ትይዩ ይሆናሉ። 8 ከ8 ጋር 4 ኦም ነው፤ 8 ከ4 ጋር ግን 2.7 ኦም ገደማ ይሆናል። ዝቅተኛው 4 ኦም ለሆነ አምፕሊፋየር ይህ ከአቅም በላይ ነው፤ ይሞቃል፣ ድምፅ ሲጨምር ፊውዝ ይበጥሳል ወይም ትራንዚስተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ 8ቱን ኤ፣ 4ቱን ቢ ላይ አገናኝ፣ ግን በየተራ ብቻ ክፈት። የተጻፈው ከጠፋ ተርሚናሉን በቴስተር ለካ፦ 8 ኦም የሚባለው ስፒከር በዲሲ 6 አካባቢ፣ 4 ኦም የሚባለው 3 ተኩል አካባቢ ያሳያል።

ሽቦው ውድ መሆን የለበትም፣ ወፍራም መዳብ ይሁን እንጂ። ለ10 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሄዶ መልስ 0.23 ኦም፣ 2.5 ደግሞ 0.14 ኦም መቋቋም አለው። ሁለቱም ለ8 ኦም በቂ ናቸው። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው ቀጭኑ ወደ 0.7 ኦም ስለሚደርስ ለዚያ ርቀት አይመከርም።

ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ላጥ፣ ክሮቹን አጥብቀህ ጠምዝዝ። አንዲት የወጣች ክር ከጎረቤቷ ተርሚናል ጋር ከተነካካች ሾርት ነው፤ የውጤት ትራንዚስተር በብዛት የሚሞተው በዚህ ነው። ሪሲቨሩ በርቶ እያለ የስፒከር ሽቦ አትንካ።

ፌዝ_ኒውትራል ጻፈ፦

ጫፉን በስታኞ ነክሮ ማጠንከር አይሻልም?

አሮጌ_ካውያ ጻፈ፦

በብሎን ለሚጠብቅ ተርሚናል አይሻልም። ስታኞ ለስላሳ ስለሆነ በግፊት እየተጨመቀ ይሄዳል፣ ብሎኑም በወራት ውስጥ ይላላል። በስፕሪንግ ለሚነከሰው ይሆናል።

አቅጣጫውንም አረጋግጡ፦ የሪሲቨሩ ቀይ ከስፒከሩ ቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሐል ላይ አይቆምም። የቀለም ምልክቱ ለጠፋበት የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩ፤ ፖዘቲቩ በቀዩ ሲሆን የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይወጣል። የድሮ ጄቢኤል ስፒከሮች በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ጥንዱ ሁለቱም እኩል ካደረጉ ችግር የለውም።

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሸክላ ስሰማ ግራው አንዳንዴ ይጠፋል፣ መምረጫውን ስነካው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ፎኖ ላይ ሳደርግ ቀላል ጩኸት አለ፤ የግራውንዷ ሽቦ ጠብቃለች።

ፌዝ_ኒውትራል ጻፈ፦

ለመጀመሪያው ጥፋቱ የት እንዳለ በመለዋወጥ ለይ። ፎኖ ላይ ግራና ቀኙን አርሲኤ አቀያይር። የጠፋው ጎን ወደ ቀኝ ከተሻገረ ችግሩ ማጫወቻው፣ ካርትሪጁ ወይም ገመዱ ነው፤ ግራው እንደጠፋ ከቀረ ሪሲቨሩ ነው። መምረጫውን ስትነካው የሚመለስ ከሆነ ግን ያው የዛጉ ነጥቦች ናቸው። ኮረንቲ ነቅለህ ሽፋኑን ክፈት፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር መምረጫው፣ ሞኒተር ቁልፎቹና መክፈቻው ውስጥ ጥቂት ንፋ፣ እያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር ከ20 እስከ 30 ጊዜ አዙር። እስኪደርቅ ሰዓት ያህል ተወው። የዛገ ብሎን መፍቻ ዘይት አትጠቀም፣ አቧራ ሰብስቦ ካርበኑን ያበላሸዋል።

ከማጫወቻው በኩል ከሆነ ካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን አራት ደቃቅ ሽቦዎች እይ፦ ነጭ ግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ ግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ ቀኝ ኔጋቲቭ። በደቃቅ ፒንሳ አውጥተህ መልሰህ አስገባ፤ በብዛት ይበቃል። ካርትሪጁ ላይ ሆነው በስታኞ እንዳትነካቸው፣ ሙቀቱ የውስጡን ጥምጥም ይበጥሳል።

አሮጌ_ካውያ ጻፈ፦

ለጩኸቱ ማውረጃህ የት ነው ያለው? የብረት ልብ ያለው ትራንስፎርመር ዙሪያውን መግነጢስ ይረጫል፣ ካርትሪጁ ደግሞ መግነጢስ ለመያዝ የተሠራ ነው። ማውረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ማጫወቻውም ሪሲቨሩ ላይ አይቀመጥ። የፎኖው ገመድ ከኮረንቲ ገመድ ጋር አብሮ አይታሰር፣ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር። የዲሽ ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ኦክስ ላይ ካገናኘህ እሱን ነቅለህ አዳምጥ፤ በዲሹ ገመድ በኩል ሁለተኛ ግራውንድ ስለሚገባ ጩኸት ያመጣል።

ክንዱን ወደ ሸክላው ስታስጠጋ ጩኸቱ ከተለወጠ መግነጢስ ነው። ካልተለወጠ ግራውንድ ነው።

ሸክላ_ከሲልቨርስፕሪንግ ጻፈ፦

ኤፍኤሙንም አንርሳ፦ 300 ኦም በሚለው ተርሚናል ላይ በቲ ቅርጽ የተሠራ ጠፍጣፋ አንቴና አስሩ። ለ98 ሜጋኸርዝ አካባቢ የላይኛው ክንዱ ከዳር እስከ ዳር 1.46 ሜትር ገደማ ነው። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ሪሲቨር ያላችሁ ደግሞ የዚያ አገር ባንድ በዚያ ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለነበረ ሸገርንም ፋናንም አይደርስባቸውም። እሱ የአንቴና ጥፋት አይደለም።

ጉለሌ_ሸክላ ጻፈ፦

ማውረጃውን ሳርቀው ጩኸቱ ጠፋ፣ ግራውም በክሊነር ተስተካከለ። የቀረው መዘውሩ ነው። የቶርኖ ስሌቱን ጻፍልን።

ሸክላ_ከሲልቨርስፕሪንግ ጻፈ፦

የመዘውሩን ዲያሜትር በካሊፐር ለካ፣ ሆዷ ወጣ ያለ ስለሆነ በወፍራሙ ቦታ። በ1.2 ማብዛት ብቻ አይበቃም፤ ቀበቶው የሚሄደው በውፍረቱ መሐል ስለሆነ ውፍረቱ ይገባል። አሮጌው ዲያሜትር ሲደመር የቀበቶው ውፍረት፣ ድምሩ በ1.2 ይባዛ፣ ከዚያ ውፍረቱ ይቀነስ። ለምሳሌ መዘውሩ 10 ሚሊሜትር፣ ቀበቶው 0.6 ቢሆን፦ 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ 0.6 ሲቀነስ 12.12 ሚሊሜትር። ለ33ና ለ45 ሁለት ደረጃዎች ስላሉ ለሁለቱም ለየብቻ ይሰላ። የመሐሏ ቀዳዳ ትንሽ እንኳ ከመሐል ከወጣ ድምፁ ይዋዥቃል፤ ቀዳዳውና ውጭው ከቶርኖው ሳይነቀል በአንድ አያያዝ ይሠራ። በመጠኑ ትልቅ አድርገህ አስጀምር፤ መቀነስ ይቻላል፣ መጨመር አይቻልም።

ፍጥነቱን ለማየት ለ50 ኸርዝ የተሠራ የስትሮብ ወረቀት (ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ የሚመስሉበት ክብ ወረቀት) አትም፤ ለ33⅓ 180 መስመር አለው። የአሜሪካው ባለ 216 መስመር እዚህ ያሳስትሃል። በኤልኢዲ ብርሃን ላይታይ ይችላል፣ በኒዮን ወይም በባለ ክር አምፖል እይ። መርፌው ሸክላው ላይ ሆኖ ነው የሚለካው።

መስመሮቹ ሸክላው በሚዞርበት አቅጣጫ ከሄዱ ፈጥኗል፣ ወደ ኋላ ከሄዱ ዘግይቷል። በአንድ ደቂቃ በአንድ ነጥብ ስንት መስመር እንዳለፈ ቁጠር። አምፖሉ በደቂቃ 6000 ጊዜ ስለሚብለጨለጭ 60 መስመር ካለፈ ስሕተቱ 1 በመቶ ነው። 1 በመቶ ከፈጠነ ከ12.72ቱ 1 በመቶ፣ ማለትም 0.13 ሚሊሜትር ከዲያሜትሩ ይነሳ። ከ20 መስመር በታች ከወረደ በዚያው ተወው።